ከአንጎል ብግነት በኋላ አዲስ ነገር አልይዝ ያለው ወንድሜ፦ ጥያቄ መደርደሩ ይጠቅመዋል?

ታላቅ እህት

ሰላም ለሁላችሁም። ታናሽ ወንድሜ የሒሳብ መምህር ነው። ባለፈው ዓመት በሄርፕስ ቫይረስ ምክንያት የአንጎል ብግነት ይዞት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ትኩሳቱም መንቀጥቀጡም ለቆታል። ይራመዳል፣ ይቀልዳል፣ ሰው ሲመጣ ተነሥቶ ይቀበላል። ለአንድ ሰዓት አብሮት የተቀመጠ እንግዳ «ምንም አልሆነም እኮ!» ብሎ ይወጣል። እንግዳው በሩን ዘግቶ እንደሄደ ግን ማን መጥቶ እንደነበር ብትጠይቁት፣ ማንም አልመጣም ይላችኋል።

ዩኒቨርሲቲ ሳለ ማን ከማን ጋር ይቀመጥ እንደነበር ያስታውሳል። ኳድራቲክ እኩልታ ወረቀት ሳይዝ ይፈታል። የዛሬ ጠዋት ነገር ግን የለም።

እናታችን «አእምሮ ካላሠሩት ይተኛል» ባይ ናት። ስለዚህ ቤት የገባ ሁሉ ይጠይቀዋል። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? ጠዋት ማን ደወለ? ይህቺ ልጅ ስሟ ማን ነው? እሱ ይገምታል፣ ይሳሳታል፣ ይታረማል፤ በማግሥቱ ያንኑ ስሕተት ይደግማል። ማታ ማታ ፊቱ ይጠቁራል፣ ሰው አያነጋግርም። ሌላው ወንድማችን ደግሞ በስልኩ ላይ «አእምሮ የሚያጎለብት» የተባለ ጨዋታ ጭኖለታል።

ይህ ጥያቄ መደርደር ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል? ጨዋታውስ? ሐኪሙ «ጊዜ ይፈልጋል» ከማለት ሌላ ብዙ አልነገሩንም።

ብሩህ ቀን

አይዞሽ እህቴ፣ ፈጣሪ ይማርልሽ። የእኔ አክስት ስትሮክ ከመታት በኋላ ጠዋትና ማታ እየጠየቅናት ነው የተሻላት። ካልተፈተነ እንዴት ይማራል? አታቁሙ።

ከማገገሚያ ክፍል

ሥራዬ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ነው፤ የታመመ ሰው የዕለት ተዕለት ሥራውን እንደገና ራሱ እንዲሠራ መርዳት ማለት ነው፤ አንጎላቸው ከተጎዳ ሰዎች ጋር ነው የምውለው። ብሩህ ቀን በቅንነት እንደጻፉ አይጠፋኝም። የእኔ መልስ ግን ተቃራኒው ነው፦ መጠየቁን አቁሙ። ዛሬውኑ።

ምክንያቱን ላስረዳ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የሄርፕስ ቫይረስ አንጎል ውስጥ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠቃው ከጆሮ ወደ ውስጥ ያለውን ክፍል ነው። ሂፖካምፐስ የሚገኘው እዚያ ነው፤ የዕለት ገጠመኝን ይዞ ወደ ዘላቂ ትዝታ የሚያሻግረውም እሱ ነው። እሱ ሲጎዳ የቆየው ትዝታ በአብዛኛው ይተርፋል፣ አዲሱ ግን መግቢያ ያጣል። ልማድና የእጅ ሙያ የሚገቡት ግን በሌላ በር ነው። ይህን በግልጽ ያሳየው ሄንሪ ሞላይሰን የተባለ አሜሪካዊ ታካሚ ነው። በ1953 ለሚጥል በሽታው በተደረገለት ቀዶ ሕክምና ከሁለቱም ጎን የሂፖካምፐሱ ትልቁ ክፍል ተቆርጦ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ በ2008 እስከሞተበት ጊዜ ድረስ በየቀኑ የሚያገኛቸውን ሰዎች እንኳ እንደ አዲስ ይተዋወቃቸው ነበር። ብሬንዳ ሚልነር የተባሉት ተመራማሪ እጁን በመስታወት ውስጥ ብቻ እያየ የኮከብ ቅርጽ ተከትሎ እንዲያሰምር አደረጉት። ለማንም አስቸጋሪ ሥራ ነው። ከቀን ወደ ቀን እጁ እየተፍታታ፣ ስሕተቱ እየቀነሰ ሄደ፤ ያንን ሥራ ከዚያ በፊት ሠርቶት እንደሚያውቅ ግን ትዝ አይለውም ነበር።

ለወንድምዎ የተረፈለት በር ይኸኛው ነው። ነገር ግን በዚህ በኩል የሚገባ ትምህርት አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ትክክሉን ከስሕተቱ አይለይም። እኔና እርስዎ ስንሳሳት፣ መሳሳታችን ትዝ ስለሚለን እንታረማለን። እሱ ዘንድ የሚቀረው ከአፉ የወጣው መልስ ነው፤ እርማቱ አይቀርም። በማግሥቱ ሲጠየቅ ቀድሞ የሚመጣለት ያው የትናንቱ ግምት ነው። «ያንኑ ስሕተት ይደግማል» ያሉት ለዚህ ነው፤ ሳታስቡት ስሕተቱን እያስጠናችሁት ነው። አለን ባድሊና ባርባራ ዊልሰን በ1994 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፤ ከባድ የማስታወስ ችግር ያለባቸው ሰዎች ቃል እየገመቱ ሲማሩ ከያዙት ይልቅ፣ መልሱ አስቀድሞ ተነግሯቸው ሲጽፉት የያዙት ይበልጥ ነበር።

ሌላም አለ። ክላፓሬድ የተባለ የስዊዘርላንድ ሐኪም፣ በ1911 እንደጻፈው፣ አዲስ ነገር መያዝ ያቃታትን ታካሚ በጣቶቹ መካከል መርፌ ደብቆ ጨበጣት። ወጋት። (ዛሬ ቢሆን የሥራ ፈቃዱን ይነጠቅ ነበር።) በኋላ እጁን ሲዘረጋላት መርፌው ትዝ ሳይላት እጇን ሰበሰበች። የወንድምዎ ፊት ማታ ማታ የሚጠቁረው ለዚህ ይመስለኛል። ጥያቄዎቹን ረስቷቸዋል፤ መዋረዱ ግን አብሮት አለ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከማስገመት ይልቅ ንገሩት። ልጅቷ ስትገባ ስሟን ራሷ ትናገር፤ እሱም ይድገመው። ስሙ እንዲያዝለት ከፈለጋችሁ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ፣ ገና ከአፉ ሳይጠፋ፣ ጠይቁት። ካለው በአንድ ደቂቃ፣ ከዚያ በሁለት፣ በአራት፣ በስምንት ደቂቃ። መሐሉን በሌላ ወሬ ሙሉት። ቢያመነታ «አስብ፣ አስብ» አትበሉት፤ መልሱን ወዲያው ስጡትና በትክክል ወደመለሰበት የደቂቃ ርቀት ተመለሱ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ፤ ያውም ለኑሮው የሚጠቅመውን። የዛሬ ቀን ስንት እንደሆነ በቃል መያዝ ለማን ይጠቅማል? እኔም ብዙ ጊዜ ስልኬን አይቼ ነው የማውቀው።

የማስታወስ ችሎታው በዚህ ይመለስለታል እያልኩ አይደለም። አንድ ስም፣ አንድ ልማድ፣ አንድ ተግባር ያስይዘዋል። ለሌላው ሁሉ ከአንጎሉ ውጭ የሚቀመጥ ነገር ያስፈልገዋል፦ ደብተር፣ ማንቂያ ደወል፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰሌዳ። የስልኩ ጨዋታ ይህን አይተካም።

ደረጃ ሠላሳ

ስለ ጨዋታዎቹ ግን እንዲህ አታጣጥሉ። እኔ ራሴ ስትሮክ መትቶኝ ነበር። ስጀምር ከሦስተኛው ደረጃ አላልፍም ነበር፤ ዛሬ ሠላሳኛው ላይ ነኝ። ይህ መሻሻል ካልሆነ ምንድን ነው?

ከማገገሚያ ክፍል

መሻሻል ነው፤ እንኳን ደስ አለዎት። ጥያቄው በምን ላይ ተሻሻሉ የሚለው ነው። ሰው በሚለማመደው ነገር ይሻሻላል፤ የጨዋታው ብቃት ወደ መድኃኒት ሰዓት፣ ወደ ሒሳብ ክፍያ፣ ወደ ስብሰባ መሻገሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብዙውን ጊዜም አይሻገርም። ሉሞሲቲ የተባለውን ጨዋታ የሚያቀርበው ኩባንያ፣ ምርቱ በስትሮክና በጭንቅላት ጉዳት የመጣን የአእምሮ ድክመት ይቀንሳል እስከ ማለት ደርሶ ስለነበር፣ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በቂ ማስረጃ የለህም ብሎ ከሶት፣ ኩባንያው በ2016 ሁለት ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ኢንኮግ በመባል የሚታወቀው፣ ጭንቅላታቸው ተመትቶ አንጎላቸው ለተጎዳ ሰዎች የተዘጋጀው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች መመሪያም ከኑሮ የተነጠለ የኮምፒውተር የትኩረት ልምምድን እየደጋገሙ በእሱ መታመን አይመከርም ይላል።

የሚያስደስትዎ ከሆነ ይጫወቱ፤ ደስታም ነገር ነው። በጨዋታው የሚያጠፉትን ሰዓት ያህል ግን እውነተኛ ሥራ ላይ ያውሉ። በየወሩ መክፈል ያለብዎትን ሒሳብ ራስዎ አዘጋጅተው፣ ሌላ ሰው እንዲያየው ያድርጉ። የትኛው ደረጃ ላይ እንዳሉ እሱ ይነግርዎታል።

ደረጃ ሠላሳ

ሒሳቡን የምትሠራው ባለቤቴ ናት። እሺ፣ ልሞክረው።

ቀስ በል

እህቴ፣ እኔ ከሞተር ብስክሌት ወድቄ ጭንቅላቴን የተመታሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ከውስጥ በኩል ልንገርሽ። ሰው ሁሉ ስለ ማስታወስ ያወራል። እኔ ዘንድ ችግሩ ማስታወስ መስሎ የሚታይ ሌላ ነገር ነበር። ሁለት ሰዎች ሲያነጋግሩኝ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ሳልጨርስ ሁለተኛው ይመጣል፤ ሬዲዮ ተከፍቶ ከሆነ ደግሞ ሦስቱም ይጠፉብኛል። በኋላ «ነግሬህ ረሳህ» ይሉኛል። አልረሳሁም፤ መጀመሪያውኑ አልገባም። የፈተሹኝ የኒውሮሳይኮሎጂ (የአንጎል ጉዳት በአስተሳሰብ ላይ ያመጣውን ለውጥ የሚመረምሩ) ባለሙያ ነገሩን ሲለዩልኝ ነው ግማሽ ሸክሜ የወረደው፤ ፍጥነቴ ነው የቀነሰው፣ ትኩረቴም ለሁለት አይከፈልም።

ከዚያ በኋላ የሠራነው ሥራ ሲያዩት የሚያስቅ ነው። ሰው ሲያነጋግረኝ ሬዲዮ መዝጋት። «አንድ ጊዜ ቆይ፣ የመጀመሪያውን ልጨርስ» ማለትን መለማመድ፤ እመኑኝ፣ ከአለቃ ፊት ይህን መናገር ከማንኛውም የአእምሮ ስፖርት ይከብዳል። ሥራ ከመጀመሬ በፊት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅብኝ መገመት፣ የሚቻለውን አስቀድሞ መጨረስ፣ ጥድፊያ ሊመጣበት የሚችለውን ቦታ ለይቶ ማወቅ። ዕረፍት ደግሞ ከደከመኝ በኋላ ሳይሆን ከመድከሜ በፊት፣ በሰዓት ተቆጥሮ። ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ የሚመጣው ድካም እንደ ሌላው ድካም አይደለም፤ አንዴ ካለፈኝ ቀኑ አለቀ፣ ያኔ መርሳቱም ቁጣውም አብረው ይመጣሉ። ወንድምሽ ማታ ማታ የሚጠቁረው ምናልባት ቀኑን ሙሉ በእንግዳ ስለደከመም ይሆናል። እንግዶቹን ቀንሱ፣ አንድ በአንድ ይግቡ።

አንድ ነገር ልጨምርና ዝም ልበል። ስለ አንጎል ጉዳት ሲነሣ ሁሉም የሚያወራው ስለ ፊኒያስ ጌጅ ነው፤ በ1848 የብረት ዘንግ ጭንቅላቱን በስቶ ያለፈውና ጠባዩ ተለወጠ የሚባለው የባቡር መንገድ ሠራተኛ። የማይወራው ቀጥሎ የሆነው ነው። ሰውዬው ቺሊ ሄዶ ለዓመታት የመንገደኞች የፈረስ ሠረገላ ነድቷል። ያው መንገድ፣ ያው ሰዓት፣ ያው የሥራ ቅደም ተከተል። ያ ሥርዓት ሳይሆን አይቀርም ያነሣው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ተጎጂ ሁሉ የታሪኩ የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ ሲነገረው እናደዳለሁ።

የግራ በኩል

ርዕሱን ካላስቀየርኩ፤ የእኔ ባለቤት ችግሩ ይለያል። ስትሮኩ በቀኝ የአንጎሉ ክፍል ነው። በግራ በኩል ያለውን ሁሉ ይተዋል። ሳህኑ ላይ በቀኝ ያለውን ብቻ በልቶ «ትንሽ ነው የሰጣችሁኝ» ይላል፤ ሳህኑን ስናዞርለት የተረፈውን ያገኛል። ጢሙን በአንድ በኩል ብቻ ይላጫል። የዓይን ሐኪም አይቶት ዓይኑ ደኅና ነው ብሏል። ዘመዶቹ ቸልተኛ ሆኗል እያሉ ይቆጡታል።

ከማገገሚያ ክፍል

ቸልተኛ አይደሉም። ዓይናቸው ያያል፤ አንጎላቸው ግን ወደዚያ ጎን ትኩረት አይልክም። ይህ ከማየት የተለየ መሆኑን ያሳየ የ1978 የጣልያን ጥናት አለ። ቢዚያክና ሉዛቲ የተባሉ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለ ችግር ያለባቸውን የሚላኖ ሰዎች፣ በደንብ የሚያውቁትን የካቴድራሉን አደባባይ በዓይነ ኅሊናቸው እንዲስሉት ጠየቋቸው። ከአንድ ጫፍ ሆነው ሲያስቡት በቀኝ ያሉትን ሕንፃዎች ብቻ ዘረዘሩ። ከተቃራኒው ጫፍ ቆማችሁ አስቡት ሲባሉ፣ ቅድም የተዉአቸውን ሕንፃዎች ዘርዝረው ቅድም የጠሯቸውን ተዉ። አደባባዩ በሙሉ ጭንቅላታቸው ውስጥ ነበር።

«ወደ ግራ እይ» ብሎ መጮኹ ብቻውን አይበቃም፤ ግራ የት እንደሚያልቅ ምልክት ያስፈልጋቸዋል። የሚያነቡት ገጽ ግራ ኅዳግ ላይ ከላይ እስከ ታች ወፍራም ቀይ መስመር ያስምሩላቸው። እያንዳንዱን መስመር ከማንበባቸው በፊት ቀዩን እስኪያገኙ ድረስ ራሳቸውን ያዙሩ። ይህን ሲለምዱ መስመሩን እያሳጠሩ፣ እያቀጠኑ ይሂዱ፤ በመጨረሻ ይተዉት። ከዚያ ያንኑ ልምምድ ወደ ሳህኑ፣ ወደ በሩ መቃን፣ ወደ መንገድ ያሸጋግሩት። አንዱ ቦታ የተማሩት ሌላው ቦታ በራሱ አይመጣም፤ በየቦታው ማስተማር ግድ ነው። መኪና ይነዱ ከነበረ ደግሞ ባለሙያ ሳይፈትሻቸው መሪ እንዳይጨብጡ።

የሌሊት ተረኛ

ነርስ ነኝ። ስለ ልምምዱ የተጻፈው ጥሩ ነው፤ እኔ የምጨምረው ሌላ ነው። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት አእምሮን የሚያደነዝዝ ሌላ ነገር አለመኖሩን አረጋግጡ። እንቅልፉ እንዴት ነው? ለእንቅልፍ ወይም ለአለርጂ ተብሎ የሚወስደው ክኒን አለ? አንዳንዶቹ የማስታወስ ችሎታን በቀጥታ ይጎዳሉ፤ የሚወስደውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ለሐኪሙ አሳዩ፣ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ። የድብርት ስሜትም መታየት አለበት፤ ከስትሮክ በኋላ ለምሳሌ ከሦስት ሰዎች አንዱን ያህል ይይዛል፣ የተደበተ ሰው ደግሞ ጤነኛ አንጎል ይዞም አዲስ ነገር አይይዝም። ለጥቂት ሰኮንዶች ፈዞ፣ አፉን እያላመጠ የሚቆይበት ጊዜ ካለ የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል።

በሄርፕስ ብግነት ላይ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ አለ። ከዳኑ በኋላ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት፣ የሰውነት መከላከያ ራሱን አንጎሉን የሚያጠቃበት ሁለተኛ ብግነት ሊከተል ይችላል። ይሻለው የነበረ ሰው ድንገት ጠባዩ ከተለወጠ፣ ከቃዠ፣ ያለፈቃዱ መንቀሳቀስ ከጀመረ «ያው የበፊቱ ነው» ብላችሁ ቤት አታቆዩት። ሕክምና አለው፤ መዘግየት ግን ይጎዳዋል።

ታላቅ እህት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መጠየቁን አቁመናል፤ እናታችንን ማሳመኑ ከሁሉ ከበደ፣ የመርፌው ታሪክ ነው የረታት። አሁን ያለው ችግር ሌላ ነው። ደብተር ሰጠነው፤ «ይህ ለታመመ ሰው ነው፣ እኔ ምን ሆንኩና?» ብሎ አስቀመጠው። ሰኞ ትምህርት ቤት እመለሳለሁ ይላል። ትናንት የት እንደዋለ ሲጠየቅ ደግሞ ክፍል ገብቶ ሲያስተምር እንደዋለ ይተርካል፤ ቤት ነው የዋለው። ሲዋሽ ማየት እናቴን እያስለቀሳት ነው።

ከማገገሚያ ክፍል

ውሸት አይደለም። የዋሸ ሰው እውነቱን ያውቃል። የእሱ አንጎል ባዶ ሆኖ ያገኘውን ቦታ በቀድሞ ትዝታ ሞልቶ ያቀርብለታል፤ ለዓመታት በየቀኑ ያስተማረ ሰው ትናንትም ያስተማረ ቢመስለው ምን ይገርማል። አትከራከሩት፣ አታጅቡትም። «ክፍሉን ናፍቀሃል» በሉትና ወደ ሌላ ነገር አሻግሩት።

አልታመምኩም ማለቱም ግትርነት ወይም ሐፍረት ብቻ አይደለም። ራሱ መርሳቱን ይረሳዋል፤ ጉዳቱ ወደ ግንባር ክፍልም ዘልቆ ከሆነ ራሱን የሚመዝንበት ችሎታ አብሮ ተነክቷል። በክርክር የሚያምን ሰው አላየሁም። የሚሠራው ይህ ነው፦ የሚወደውን ሥራ ስጡት፤ ለምሳሌ የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ያዘጋጅ። ከመጀመሩ በፊት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበትና ስንት ጊዜ ማስታወሻ ማየት እንደሚያስፈልገው በራሱ እጅ ይጻፍ። ሲጨርስ የሆነውን ከጎኑ ይጻፍ። እናንተ አስተያየት አትስጡ፤ ሁለቱ ቁጥሮች ይበቃሉ፣ የሒሳብ ሰው ነው። አንድ ቀን አይበቃም፤ ወረቀቶቹ ግን ይከማቻሉ፣ ከሰው ቃል ይልቅ የራሱን የእጅ ጽሑፍ ያምናል።

ታላቅ እህት

ደብተሩንስ እንዴት ላስለምደው? ስልክ ይሻላል ወይስ ወረቀት?

ከማገገሚያ ክፍል

ከመታመሙ በፊት የተጠቀመበት ይሻላል፤ የቆየ ልማድ ከአዲስ መሣሪያ ይበልጣል። መምህር ስለሆነ የትምህርት ዕቅድ የሚጽፍበት ደብተር ነበረው አይደል? መልኩ ያው የሆነ ደብተር ፈልጉለት፣ አሰማመሩም ያው ይሁን። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሆነውን ይጻፍ፤ «ታምሜ ነበር፣ አሁን እያገገምኩ ነው፣ ሥራ ላይ አይደለሁም» ብሎ፣ በራሱ እጅ፣ ከነፊርማው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ፦ የሚደረገው በግራ፣ የተደረገው በቀኝ።

ማንቂያ በቋሚ ሰዓታት ሙሉ። ሲደወል እናትዎ «ምን ነበር የምታደርገው?» እንዳይሉት፤ ያ ተመልሶ ጥያቄ ነው። «ደብተርህን ግለጥ» ይበሉት፣ ይግለጥ፣ ያንብብ፣ ይሥራ፣ ምልክት ያድርግ። ጥቂት ቀናት ሳይሳሳት ከሄደ «ደብተርህን» ብቻ፤ ቀጥሎ በጣት ማመልከት ብቻ። ከተሳሳተ ወደ ቀድሞው እርዳታ ይመለሱ። ሳምንታት ይፈጃል፣ አንዳንዱን ወራት።

ሰኞን በተመለከተ በፍጹም ሙሉ ክፍል አይግባ። ደጋግሞ ያስተማረውን ትምህርት ለአንድ ተማሪ፣ በጠዋት፣ ለግማሽ ሰዓት፣ ሌላ መምህር ባለበት ያስረዳ። ሒሳቡን እንደማይስት እገምታለሁ። የሚስተው የተማሪውን ጥያቄ፣ ምዕራፉ የት እንደቆመና የቤት ሥራ መስጠቱን ነው። እነዚህን ሦስቱን በዚያው ሰዓት ደብተሩ ላይ መጻፍ ሲለምድ፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር ስለ ሁለተኛ ተማሪ ተነጋገሩ።

ቀስ በል

ተማሪውን ከመምጣቱ በፊት አነጋግሩት። አንድ ጥያቄ ብቻ በአንድ ጊዜ እንዲጠይቅ፣ መልሱን እስኪጨርስለት እንዲጠብቅ። እኔን እንደዚያ የሚያነጋግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ሥራ የተመለስኩት ከወራት በፊት ነበር።